ረጅሙን «ዘ ሜሴጅ» በግቢያችን አሳየን፤ ስለ ወሕሺ ለጠየቀው ልጅ ግን መልስ አጣን

የጅሬን መንገድ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን።

በዒድ አልፈጥር ማግስት ማታ፣ እዚህ ጅማ በግቢያችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ ፕሮጀክተር ተውሰን፣ ሙስጠፋ አቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውንና የእስልምናን አጀማመር የሚተርከውን «ዘ ሜሴጅ» የተባለ ፊልም ለቤተሰብና ለጎረቤት አሳይተን ነበር። ዒድ ነውና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ተጠርቶ መጥቷል፤ ትልቅ ትንሹ ተደምሮ ሠላሳ ሰው ያህል እንሆናለን። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስድ፣ ንግግሩም እንግሊዝኛ ስለሆነ ሰው እንዳይሰለች ሰግቼ፣ ከጎን ቆሜ ዋና ዋናውን በአማርኛና በኦሮምኛ እያሳጠርሁ እናገር ነበር። የገጠመኝ ነገር ግን መሰላቸት አልነበረም፤ ሌላ ነገር ሆኖ ስላገኘሁት ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስለው ቆይቼ ምክር ፍለጋ ጻፍሁ።

መጀመሪያ ላይ ግቢው ጫጫታ ነበረበት። ሴቶቹ ቡና ይቀዳሉ፣ ቆሎ ይዞራል፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ሰላምታ ይለዋወጣል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በፊልሙ ውስጥ ስለማይታዩና ድምፃቸውም ስለማይሰማ፣ ተዋናዮቹ እርሳቸውን ሲያናግሩ ካሜራውን ቀጥ ብለው ያያሉ፤ የስምንት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ይህን ባየ ጊዜ ሁለቴ ዞሮ ከኋላው ማን እንደቆመ ፈለገ። ከኋላው ግድግዳ ላይ የተደገፈ ብስክሌት ብቻ ነበር። እናቱ በጆሮው ስትነግረው ዝም ብሎ ማየቱን ቀጠለ። ከሐበሻ ወገን የሆነው ባሪያ ቢላል በጠራራ ፀሐይ ደረቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት «አሐድ፣ አሐድ» (አምላክ አንድ ነው) ሲል እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዱም «የእኛ ልጅ ነው እኮ» አለ። ከዚያ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰዎች ንጉሡ ፊት ቀርበው፣ ከመካከላቸው ጃዕፈር ከቁርኣን ሱረቱል መርየምን (የማርያምን ምዕራፍ) ሲያነብ፣ ቡና የያዘችው ልጅ እንኳ ረከቦቱን ይዛ ባለችበት ቆመች። ንጉሡ በዘንጉ መሬት ላይ መስመር አስምሮ በእኛና በእናንተ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህች መስመር አይወፍርም ሲል ግቢው በእልልታ ተሞላ። አንድ በዕድሜ የገፉ ክርስቲያን ጎረቤታችን ብቻ «ቤተ መንግሥቱ የእኛን አይመስልም» ብለው ቅር መሰኘታቸውን ተናገሩ፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ መብራት ጠፋ። ለአርባ ደቂቃ ያህል በሻማ ተቀምጠን ስለዚያ ንጉሥ፣ ስለ ነጃሺ ስናወራ፣ ከሰዉ ግማሽ የሚሆነው «ዋናውን አይተናል» እያለ ተነሥቶ ሄደ። መብራቱ ሲመጣ አሥራ አራት ሰዎች ቀርተን ነበር። በኡሑድ ጦርነት ወሕሺ የተባለው ባሪያ ጦሩን ወርውሮ የነቢዩን አጎት ሐምዛን ሲገድል፣ ያው የእህቴ ልጅ «ይሄስ የየት አገር ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ «ዐረብ ነው፣ ዝም በል» ሲለው፣ ጎረቤታችን ሐጂ ግን «የለም፣ እሱም ሐበሻ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም ተርጓሚው ሆኜ ሳለሁ ዝም አልሁ።

በማግስቱ፣ ቀድመው የሄዱት ጎረቤቶች ለሰላምታ ሲመጡ ልጁ «ሐምዛን የገደለው ሐበሻ ነው» ብሎ ነገራቸው። አንዷ «እንዲህ ያለ ውሸት ከየት አመጣህ?» ብላ በሁሉም ፊት ተቆጣችው። ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔም ያልሁት ነገር አጥጋቢ አልነበረም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እንዲህ ያለውን ረጅም ፊልም የት ላይ ቢያቋርጡት ይሻላል? ዋናው ግን ሁለተኛው ነው፦ ተመልካቹ ቢላልንና ነጃሺን «የእኛ» ብሎ ወስዶ ወሕሺን ሲተው፣ ለዚያ ልጅ ምን ማለት ይገባኝ ነበር?


የድሮ ቪዲዮ ቤት፦

ወንድሜ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ይህንኑ ፊልም እኔ በወጣትነቴ በምሠራበት ቪዲዮ ቤት ስንት ጊዜ እንዳሳየሁት ቁጥሩን አላስታውሰውም፤ ስለዚህ ስለ መጀመሪያው ጥያቄህ ብዙ የምለው አለኝ።

እኛ ዘንድ የነበረው ቅጂ በሁለት ካሴት የተቀዳ ነበር። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ፣ ከማና፣ ከሰቃና ከደዶ ቡናና ማር ይዘው የመጡ ሰዎች ሸጠው ሲያበቁ ወደ እኛ ይገባሉ። ነገር ግን መኪና እንዳያመልጣቸው የመጀመሪያው ካሴት ሲያልቅ የሚወጡት ብዙዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሰው ሁለተኛውን የሚጠይቁ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ጨርሶ የማይመጡም ነበሩ። ወጪዎቹ በሩ ላይ ሲያወሩ እሰማ ስለነበር፣ ግማሹን ያየ ሰውና ሙሉውን ያየ ሰው ስለ ሁለት የተለያዩ ፊልሞች የሚያወሩ ይመስሉኝ ነበር። ግማሹን ያየው የተሰደዱትን፣ የተሠቃዩትንና ንጉሡን ይዞ ይሄዳል። ሙሉውን ያየው ግን በድርን፣ ኡሑድን፣ የሐምዛን ሞትና በመጨረሻም መካ ስትከፈት ምሕረት መደረጉን ይዞ ነው የሚሄደው። እናንተ ግቢ የሆነውም ይኸው ነው፤ ጎረቤትህ ልጁን የተቆጣችው ክፉ ስለሆነች ሳይሆን፣ እሷ ያየችው ፊልም ውስጥ ወሕሺ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ነጃሺ ላይ አታቋርጥ። እዚያ ላይ ከቆመ ሰዉ ታሪኩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ልቡ ሞልቷልና ይነሣል። ሙስሊሞቹ መዲና ደርሰው፣ መስጂዱ ተሠርቶ፣ ቢላል የመጀመሪያውን አዛን ሲያደርግ ብታቆም፣ ሰው ደስ ብሎት ያርፋል፤ ሆኖም መካ ያሉት ጠላቶች ገና እንዳልተዉ ስለሚያውቅ ለቀጣዩ ይቀመጣል። እኔ እዚያ ላይ ካሴት ባልቀይርም ድምፁን ቀንሼ ሻይ አዞር ነበር።

ስለ ትርጉምም አንድ ነገር ልበል። እኔ ወደ ኦሮምኛ ስተረጉም፣ ሰዉ የሚወደውን ቦታ አስፍቼ የማይወደውን እያሳጠርሁ እናገር እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ወሕሺ ጋ ስደርስ «አንድ ባሪያ ገደለው» ብዬ ነበር የማልፈው። የየት አገር ሰው እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ማንም አላስገደደኝም፤ ራሴው ነኝ ያስቀረሁት። አንተም ዝም ማለትህ ስለከነከነህ ጻፍህ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልከነከነኝም ነበር።


አንድ የታሪክ መምህር፦

ለጠያቂውም ለወንድማችንም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም የሚከብድ ስለሆነ፣ በቂ መልስ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሐጂ የተናገሩት እውነት ነው። ወሕሺ ኢብን ሐርብ ሐበሻ ነበር፤ ጁበይር ኢብን ሙጥዒም የተባለ የቁረይሽ (የመካ ጎሳ) ሰው ባሪያም ነበር። የጁበይር አጎት በበድር ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ624፣ በሐምዛ እጅ ስለተገደለ፣ በተከታዩ ዓመት ቁረይሾች ወደ ኡሑድ ሲዘምቱ ጁበይር ወሕሺን «ሐምዛን ከገደልህልኝ ነፃ ነህ» አለው። ይህን የሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) መጻሕፍትም ሐዲስም ከራሱ ከወሕሺ አንደበት ይዘውታል። ፊልሙ ሂንድ የተባለችውን የቁረይሽ ሴት የውሉ ዋና ባለቤት አድርጎ ስለሚያሳይ የጁበይር ነገር ለተመልካች ይደበዝዛል። ለልጁ በመጀመሪያ ሊነገረው የሚገባው እንግዲህ ይህ ነው፦ ወሕሺ በሐምዛ ላይ የራሱ ጠብ አልነበረውም። ባሪያ ነበር፤ የቀረበለትም ዋጋ ነፃነቱ ነበር።

ይህ ደግሞ እኛ ጅማዎች ከማንም በላይ ልንረዳው የሚገባ ነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሂርማታ ቡና፣ ማርና ጨው ብቻ የሚሸጥበት ገበያ አልነበረም፤ ከደቡብ ምዕራብ አገሮች የተያዙ ሰዎች የሚሸጡበት ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱም ነበር። በጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ተማሪዬ ስለ ሰገነቱ የእንጨት ሥራና ስለ መስጂዱ ይጠይቀኛል፤ ስለዚያ ገበያ ግን ካላነሣሁት አይጠይቀኝም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ይህም አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ማለት ነው። ቢላል ደረቱ ላይ ድንጋይ ሲጫን «የእኛ ልጅ ነው» ያለው ሰው እውነቱን ነው። ነገር ግን ቢላልና ወሕሺ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ባርነት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ጌታውን እንቢ ብሎ ተሠቃየ፤ ሌላው ለጌታው ታዞ ነፃ ወጣ። ልጁ ይህን ልዩነት ራሱ እንዲያስበው ቢተውለት ይችላል።

ፊልሙ የማያሳየውን የወሕሺን ኋለኛ ታሪክም ንገሩት። መካ ከተከፈተች በኋላ ወደ ጣኢፍ ሸሸ፤ ከዚያም መጥቶ እስልምናን ተቀበለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሐምዛን እንዴት እንደገደለ አስነግረውት ሲያበቁ፣ ከተቻለው ፊቱን እንዳያሳያቸው ነገሩት፤ ይቅርታው ነበረ፣ ሐዘኑም ነበረ። እርሳቸው ካለፉ በኋላ በአቡበክር ዘመን በየማማ ጦርነት፣ ሐምዛን በገደለባት በዚያችው ጦር፣ ነቢይ ነኝ ብሎ የተነሣውን ሙሰይሊማን ወግቶ ጣለ። ይህንንም የተረከው ራሱ ወሕሺ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህ አይበዛበትም፤ እንዲያውም ልጆች እንዲህ ያለውን ታሪክ ከእኛ ይልቅ ሳይጨነቁ ይሰሙታል።


እናት ከአጂፕ፦

የመምህሩን ጽሑፍ በአድናቆት አነበብሁት፤ ነገር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። የዒድ ማግስት ምሽት ትምህርት ቤት አይደለም። ሰዉ ሠላሳ ቀን ጾሞ፣ ደስ ብሎት፣ ጎረቤቱን ይዞ ተቀምጧል። በእንዲህ ያለ ምሽት የሂርማታን የባሪያ ገበያ ካነሣን፣ አያቱ የተሸጠችበትም አያቱ የሸጠውም ሰው አንድ ምንጣፍ ላይ ሊቀመጡ እንደሚችሉ መርሳት የለብንም። ነገሩ ይነገር፤ የሚነገርበት ሰዓትና የሚናገረው ሰው ግን ይመረጥ። ሐጂ በአንዲት ዐረፍተ ነገር እውነቱን አስቀምጠው ማለፋቸው ለእኔ ጉድለት ሆኖ አልታየኝም።

እኔን ያሳዘነኝ ልጁ በሰው ፊት መዋሸቱ የተነገረው መሆኑ ነው። እውነት ተናግሮ የተቆጡት ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም። ስለዚህ ለልጁ ስለ ወሕሺ ከሚነገረው በፊት መነገር ያለበት «ልክ ነበርህ» የሚለው ቃል ነው፤ ይህም በተቆጡበት ቦታ፣ የተቆጡት ሰዎች እየሰሙ መሆን አለበት። ጎረቤትህንም አታሳፍራት፤ ቡና ጠርተህ፣ ሐጂን አስቀምጠህ፣ እሳቸው ይንገሯት።

ስለ ነጃሺም አንድ ነገር ላንሣ፤ ማንም ስላላነሣው ነው። እኛ ግቢ ይህን ፊልም ስናይ ጭቅጭቅ የተነሣው በወሕሺ አልነበረም፤ ንጉሡ እስልምናን ተቀብሏል ወይስ ክርስቲያን እንደሆነ አርፏል በሚለው ነበር። እኛ ሙስሊሞቹ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማረፉን ሲሰሙ በሌለበት እንደሰገዱለት እናውቃለን፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ የራሳቸውን ይላሉ። ያን ዕለት እናቴ፣ አላህ ይማራት፣ «እንግዶቹን ያስጠጋው ሳይጨቃጨቅ ነው» ብላ ቡናውን ቀዳች። ሰዉ ወደ ፊልሙ ተመለሰ።

ሌላው ሂንድ ናት። ወንዶቹ ሁሉ ስለ ጦሩ ሲያወሩ እኛ ሴቶቹ የምናወራው ስለ እሷ ነበር። አባቷ፣ ወንድሟና አጎቷ በአንድ ቀን በበድር የተገደሉባት ሴት ናት። ያደረገችውን ማንም አይወድላትም፤ ነገር ግን እሷን ሆና የተጫወተችው ኢሬኔ ፓፓስ ያንን ፊት ይዛ ስትቆም፣ ከእኛ መካከል ልጇን በጦርነት ያጣች አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አልተነሣችም። ፊልሙ ረዘመ የሚሉ ሰዎች ያቺን ሴት ቢያዩ ጥሩ ነበር።


ካሜራ ያዥ፦

ስለ ፊልሙ አሠራር ጥቂት ልጨምር። ሙስጠፋ አቃድ ፊልሙን የሠራው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ልብስ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተዋናዮች፣ ከዚያ ያንኑ ትዕይንት በዐረብ ተዋናዮች እየቀረጸ ነው የቀጠለው። በእንግሊዝኛው ሐምዛን አንቶኒ ኩዊን፣ በዐረብኛው ዐብዱላህ ገይስ ተጫውተውታል፤ ሂንድን ደግሞ ኢሬኔ ፓፓስና ሙና ዋሲፍ። ነቢዩ ብቻ ሳይሆኑ ባለቤቶቻቸውና የመጀመሪያዎቹ ኸሊፋዎችም ስለማይታዩ ታሪኩን ተሸክሞ የሚሄደው ሐምዛ ነው። ሰዉ በኡሑድ የሚደነግጠው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሁለት ሰዓት አብሮት የተጓዘውን ሰው ነው የሚያጣው። መብራት ሲጠፋ የሄዱት ይህን አላገኙም።

ክርስቲያኑ አባት «የእኛን አይመስልም» ማለታቸው ትክክል ነው። ቀረጻው በሞሮኮ ተጀምሮ በሊቢያ ያለቀ ሲሆን፣ ንጉሡን የተጫወተውም በቤርሙዳ የተወለደው ኤርል ካሜሮን ነው። የአክሱም ሰው የሠራው ቤተ መንግሥት አይደለም፤ እርሳቸው ግን ይህን እያወቁ ማልቀሳቸው ለአንድ ፊልም ሠሪ ትልቅ ነገር ነው። ለዕድሜ ባለጸጎቹ የዐረብኛውን ቅጂ ብታሳዩ ቁርኣኑን በቀጥታ ስለሚሰሙት ትርጉሙ ይቀልልሃል፤ ርዝመቱ ግን ከእንግሊዝኛው ይበልጣል።


የጅሬን መንገድ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እናት ከአጂፕ እንደመከሩኝ ባለፈው ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ቡና አስፈልቼ፣ ቀድመው የሄዱትን ጎረቤቶች ጠርቼ፣ ከመዲናው አዛን ጀምሮ ያለውን ክፍል ብቻ አሳየን። በቀን ስለሆነ አንሶላው ላይ በደንብ አይታይም ነበር፤ ሳሎን ገብተን መጋረጃ ዘግተን ተጨናንቀን አየነው። ወሕሺ ጋ ስንደርስ እኔ ሳልጠየቅ በሁለቱም ቋንቋ «ይህ ሰው ሐበሻ ነው፤ ለመግደል የተስማማው ነፃ እንዲለቀቅ ነው» አልሁ። ማንም አልተናገረም። ልጁን የተቆጣችው ጎረቤታችን ስኒዋን አስቀምጣ ወደ እሱ ዞረችና «ልክ ነበርህ፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት» አለችው። እኔ እንድትለው አልጠየቅኋትም ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ሐጂ የወሕሺን ኋለኛ ታሪክ መምህሩ እንደጻፉት አድርገው ተረኩ፤ እንዲያውም በኦሮምኛ ስለነበር ከእኔ ትርጉም እጅግ ያማረ ነበር። ስለ ሂርማታ ግን አላነሣሁም። በዚህ ላይ ሁለታችሁም ልክ ስለሆናችሁ፣ ልጁ ትንሽ ሲያድግ ራሴ ጅሬን ወስጄ ልነግረው ነው ያሰብሁት። ሐጂ ስለ የማማ ሲናገሩ ልጁ «ጦሯ ያችው ናት?» ብሎ ጠየቃቸው። «ያችው ናት» አሉት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ሳይሆን፣ ጦሯን ወሕሺ ያን ሁሉ ዓመት የት እንዳስቀመጣት ነው የሚጠይቀኝ፤ ይህንን ሐጂም አላወቁለትም።

ፕሮጀክተሩን እስከ ሐሙስ ድረስ መመለስ አለብኝ። የድሮ ቪዲዮ ቤት ወንድሜ፣ የዐረብኛው ቅጂ ካለህ ወይም ያለው ሰው የምታውቅ ከሆነ፣ ፍላሽ ይዤ ካለህበት ድረስ እመጣለሁ።